ጉድጓዱ ሳይደፈን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በባሕር ዳር ለኮሪደር ልማት መንገድ በሚቆፈርበት በዚህ ወቅት፣ «ከተማው የራሱን የኢንተርኔት መስመር ለምን አይዘረጋም?» የሚል ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ ጀልባ ማረፊያው ቡና ቤቶች ድረስ ሲነሣ እሰማለሁ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ነገር ግን አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በመንግሥት በጀትና ሒሳብ ላይ ያሳለፍኩ ጡረተኛ በመሆኔ፣ ክርክሩ ስለ ፍጥነትና ስለ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ሆኖ ገንዘቡ ከየት መጥቶ በማን እንደሚመለስ ሳይነሣ መቅረቱ ያሳስበኛል። «የሕዝብ ነው» ሲባል «ማንም አይከፍልበትም» የሚመስለን ብዙዎች ነን።

የሕዝብ መስመር የሚሠራበት ገንዘብ የሚገኘው ከግብር፣ ከብድር፣ ከዕርዳታ ወይም ከተጠቃሚው ኪስ ነው። ብድሩም ውሎ አድሮ የሚከፈለው በግብር ከፋዩ ወይም በተጠቃሚው ስለሆነ፣ ዋናው ጥያቄ ማን መቼ ይከፍላል፣ ሥራው ቢከሽፍስ ጉዳቱ በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ለዚህ ከራሳችን አገር የበለጠ አስተማሪ የለም። ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ሆኖም የአገሪቱ ኔትወርክ ትልልቅ ማስፋፊያዎች የተሠሩት ዓመታዊ በጀት ተይዞላቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የቀድሞው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከሁዋዌና ከዜድ.ቲ.ኢ. ጋር በድምሩ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲፈርሙ፣ ዕቃ አቅራቢው የብድሩን ምንጭ ራሱ ይዞ የሚመጣበት፣ የአቅራቢ ብድር የሚባለው አሠራር ነበር። ጥቅሙን መካድ አይቻልም፤ የውጭ ምንዛሪ ለቸገረው አገር ማማዎቹ ቶሎ እንዲቆሙ አድርጓል። ነገር ግን ሻጩና የብድሩ አስገኚ አንድ ሲሆኑ ገዢው ዋጋ የማማረጥ አቅሙን ያጣል። በጉልት ገበያ በዱቤ የሚወስድ ሰው ዋጋ እንደማይከራከር ሁሉ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ዕዳው በዶላር፣ ገቢው ግን በብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተበደረ ድርጅት አንዲት ሜትር ገመድ ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። አገር አቀፍ ድርጅት ብዙ ሚሊዮን ደንበኞች ስላሉት ይህን ምት ሊቋቋመው ይችል ይሆናል። ገቢው በሙሉ በብር የሆነ አንድ ከተማ ግን ሊቋቋመው አይችልምና፣ የውጭ ብድር የሚያመቻች አቅራቢ ነገ በራችንን ቢያንኳኳ መልሳችን ከወዲሁ የታወቀ መሆን አለበት እላለሁ።

«እንግዲያው አክሲዮን ለሕዝቡ እንሽጥ» የሚሉ አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለዜጎች አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በየካቲት ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በገንዘብ 3.2 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ ገዢዎቹም ከ47 ሺሕ በላይ ነበሩ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው፣ ትርፋማ የሆነና በመላ አገሪቱ የሚታወቅ ድርጅት ካቀረበው አሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ከሸጠ፣ ገና ያልተወለደ የከተማ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ይሸጣል ብሎ በጀት መያዝ የዋህነት ነው። የሕዳሴው ግድብ ቦንድ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስም እሰማለሁ። ከዚህ ከጣና የሚነሣው ዓባይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ እንዲያንቀሳቅስ ከወር ደመወዛችን ያስቆረጥነው ግን ወለዱን አስልተን አልነበረም። ያን የመሰለ ስሜት ለአንድ ከተማ ገመድ ይቀሰቀሳል ብዬ አላምንም፤ ይቀስቀስ ማለትም ተገቢ አይመስለኝም።

የፈቃድ ሽያጭም መስመር አይዘረጋም። በ2013 ዓ.ም. ለሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ የተከፈለው 850 ሚሊዮን ዶላር ለፌዴራል መንግሥት የገባ ገንዘብ ነው እንጂ ለዚህ ወይም ለዚያ ከተማ መስመር ተብሎ የተቀመጠ አይደለም።

ከተሞች ራሳቸው ወደዚህ ሥራ ከገቡባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት፤ ሁለት ከተሞቿን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በቴነሲ ግዛት የምትገኘው ቻታኑጋ በከተማው ባለቤትነት የሚተዳደር የመብራት ድርጅት አላት። ድርጅቱ ፋይበር (በብርሃን መረጃ የሚያስተላልፍ ገመድ) ሲዘረጋ 111 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሆነ የፌዴራል ድጋፍ አገኘ፤ የቀረውን በአብዛኛው የመብራት ገቢውን መተማመኛ አድርጎ በሸጠው ቦንድ ሸፈነ። መስመሩን መጀመሪያ የፈለገው ለራሱ ሥራ፣ የመብራት መቋረጥን ፈጥኖ ለይቶ ለማስተካከል ስለነበር፣ ኢንተርኔቱ ባይሸጥ እንኳ ገመዱ ሥራ አይፈታም ነበር። በዩታ ግዛት ያለችው ፕሮቮ ደግሞ 39.5 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተበድራ የዘረጋችው መስመር የተጠበቀውን ያህል ደንበኛ ሳያገኝ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጉግል በአንድ ዶላር ተሸጠ። ዕዳው ግን አብሮ አልተሸጠም። የከተማው ነዋሪ፣ ኢንተርኔቱን የተጠቀመውም ያልተጠቀመውም፣ ለቦንዱ ክፍያ በየወሩ ከመብራትና ውኃ ሒሳቡ ጋር 5.35 ዶላር ይከፍል ነበር።

የቻታኑጋን መንገድ እንከተል ብንል የመጀመሪያው እንቅፋት ይህ ነው፦ በእኛ አገር መብራት የፌዴራል እንጂ የከተማ ሀብት አይደለም። ባሕር ዳር መተማመኛ ልታደርገው የምትችለው ቋሚ ገቢ ያለው አገልግሎት ቢኖር የመጠጥ ውኃው ነው፤ የውኃን ገቢ ለኢንተርኔት ዕዳ ማስያዝን ደግሞ የሚደግፍ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ከዚያም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ በሕግ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ስለሚሰጥ፣ ከክልል በታች ያለ ከተማ «ቦንድ ልሽጥ» ብሎ በራሱ የሚነሣበት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ከተማው ኢንተርኔት አይሽጥ፣ የኢንተርኔት ገመድ የሚያልፍበትን ቱቦ ያከራይ። ፋይበር ከመሬት በታች ሲቀበር ብዙውን ወጪ የሚበላው ገመዱ ሳይሆን ቁፋሮው፣ ሙሌቱና የፈረሰውን አስፋልት መመለሱ ነው። መንገዱ ለሌላ ሥራ ተከፍቶ እያለ ባዶ ቱቦና የፍተሻ ጉድጓድ አብሮ መቅበር በካፒታል በጀቱ ላይ የሚጨምረው፣ በኋላ ለብቻው ተቆፍሮ ቢሠራ ከሚፈጀው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመችው ስቶካብ የተባለ የከተማ ድርጅት ለቤተሰብ ኢንተርኔት አይሸጥም፤ ያልበራ ፋይበር፣ ማለትም በጫፎቹ የማስተላለፊያ ዕቃ ያልተገጠመለት ገመድ፣ ለፈለገ ኩባንያ ሁሉ በእኩል ያከራያል፤ ወጪውንም የሸፈነው በብድርና በኪራይ ገቢ ነው። ለእኛም ባዕድ አሠራር አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ የማስተላለፊያ መስመሮቹ ላይ ያለውን ፋይበር ለቴሌኮም ኩባንያዎች ያከራያል።

የሒሳብ ሰው በመሆኔ ይህን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የዕዳ ዕድሜ ከንብረቱ ዕድሜ መብለጥ የለበትም። ቱቦ በአግባቡ ከተቀበረ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ በሁለቱ ጫፍ የሚቀመጠው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል። ቶሎ የሚያረጀውን ዕቃ ኩባንያዎቹ ከደንበኞቻቸው በሚሰበስቡት ገንዘብ ይግዙት፤ ረጅም ዕድሜ ያለውን ከተማው በበጀት ይቅበረው። በረጅም ጊዜ ብድር የተገዛ ዕቃ አርጅቶ ከተጣለ በኋላ ዕዳው በየዓመቱ በጀት ላይ ተመዝግቦ ሲመጣ ማየት እንዴት እንደሚያናድድ፣ በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ኪራዩ ወደ ጠቅላላው የከተማ ካዝና ከገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። ለብቻው ሒሳብ ተከፍቶለት በመጀመሪያ ለጥገና፣ ከዚያም ለቀጣዩ ሰፈር ቱቦ ብቻ መዋል አለበት። ይህን የምለው የተወሰነ ዓላማ የነበረው ገቢ በሰኔ ወር የበጀት መዝጊያ ጥድፊያ ወደ ሌላ ሲዛወር በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የሐይቁ ዳርቻ ሕዝብ ጉዳይ በዚህ አይፈታም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ቁንዝላና ወደ ደልጊ ሲኬድ ለአንድ ኪሎ ሜትር መስመር የሚገኘው ተከራይ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ የኪራይ ሒሳብ እዚያ ያከስራል። ለእንዲህ ያለው አካባቢ ሕንድ የተጠቀመችበት ዘዴ ከቴሌኮም ኩባንያዎቹ የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ 5 በመቶ ለጋራ ፈንድ እየተሰበሰበ፣ ከእርሱ ላይ ለገጠር ቀበሌዎች ፋይበር እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። በከተማ ያለነው ደንበኞች ከምንከፍለው ላይ ጥቂቱ ለዘጌ ቡና አምራች መስመር ሆነ ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም። የሕንድ ሥራ ከተያዘለት ጊዜ እጅግ መዘግየቱንም መዘንጋት አይገባም፤ ገንዘቡ ሲገኝ ሥራው ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ያሳያልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ምክንያቱን እዚህ አላነሣም፤ ለሒሳቡ ግን ትርጉም አለው። አገልግሎት ሲቋረጥ ገቢ ይቋረጣል፤ የብድር ወለድ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ በሚፈረመው የኪራይ ውል ላይ፣ አገልግሎት በተቋረጠበት ወር የቱቦው ኪራይ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የከተማውን አስተዳደር የምጠይቀው፣ አሁን በተቆፈሩት መንገዶች ላይ የቴሌኮም ቱቦ እየተቀበረ መሆን አለመሆኑን፣ እየተቀበረም ከሆነ በማን በጀት እንደተሠራና በማን ስም በቋሚ ንብረትነት እንደተመዘገበ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ለነዋሪው እንዲያሳውቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የበጀት ጡረተኛ
ባሕር ዳር