ዱቄቱ ደርሷል፤ ድስቱስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

በእምነታቸው ምክንያት ለተሰደዱ ክርስቲያኖች ዱቄትና ማካሮኒ እንዲሰበሰብ የሚጠይቀውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ድስት ተረስቷል።

አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ እንዳትሉኝ። በ2006 ዓ.ም. ኢራቅ፣ ኤርቢል ውስጥ አንካዋ በሚባል የክርስቲያኖች ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። በሐምሌ ወር የሞሱል ክርስቲያኖች በታጣቂው ቡድን በአይሲስ ወይ ስለሙ፣ ወይ ግብር ክፈሉ፣ ወይ ውጡ፣ አለዚያ ሰይፍ ተብለው፣ ቤታቸው ላይ የክርስቲያን ቤት ነው ለማለት «ኑን» የሚባለው የዐረብኛ ፊደል እየተጻፈበት ወጥተዋል። ነሐሴ 1 ሌሊት ደግሞ አይሲስ ቃራቆሽ የምትባለውን የነነዌ ሜዳ የክርስቲያኖች ከተማ ያዘ። ቀኑን የማልረሳው ፍልሰታ የያዝኩበት ስለሆነ ነው። ጠዋት በር ስከፍት መንገዱ በሰው ተጥለቅልቋል። አንዳንዱ በሌሊት ልብስ ነው የመጣው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው አልተራበም። ሰፈሩ ሁሉ ድስት ጥዷል። እኔና ማዳም በቀን ሁለት ትልልቅ ድስት ሩዝ እንቀቅል ነበር፤ እኔ ጾመኛዋ እያሸተትኩ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። አንድ ቀን የጠዋቱ ሩዝ ከሰዓት በኋላ ሸተተና ድስቱን ሙሉ ደፋነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ ጾመ ነነዌን ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ። ነነዌ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያለች አትመስለኝም ነበር። የነነዌን ሜዳ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካርቶን ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። እነሱም ሦስቱን ቀን ይጾሙታል። ውሃ ሲጠይቁኝ «ማያ» ሲሉ የቄሶቻችን ግዕዝ «ማይ» ትዝ ብሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው፤ ወሬው ሲቀዘቅዝ፣ ጎረቤቱም ሲደክመው። ብዙዎቹ ገና ተሠርቶ ያላለቀ የገበያ ሕንጻ ውስጥ፣ መጋረጃ የመሰለ ነገር ጋርደው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን አንድ የእርዳታ ድርጅት ማካሮኒ በመኪና አራግፎ፣ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ምድጃ የለም። ድስት የለም። ውሃ ከታች ነው የሚቀዳው። ማታ ሴቶቹ ማካሮኒውን ለባለሱቅ በግማሽ ዋጋ ሲሸጡ አየሁ። አንዱ አመስጋኝ አይደሉም ብሎ ሲያማቸው ሰምቼ ተናደድኩ። ጥሬ ማካሮኒ ይቆርጥሙት እንዴ?

የእርዳታው ሰልፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነነዌ የስንዴ አገር ነው። የዚያን ዓመት አዝመራ ሰብስበው ጨርሰው ነበር የወጡት። በየወሩ ከመንግሥት በካርድ የሚታደለው የዱቄትና የሩዝ ራሽንም የተመዘገበው ትተውት በመጡት ቦታ ነው። ጎተራው ሙሉ የነበረ ገበሬ አንድ ኩርቱ ዱቄት ለመቀበል ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ካሜራ ሲመጣ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ለውጥ ያየሁት አራት የጋዝ ምድጃ ከነሲሊንደሩ፣ ትልልቅ ድስትና ቢላ የመጣ ዕለት ነው። አንዲት አሮጊት ገፋ አድርገውኝ ቡርጉሉን፣ የእነሱን የስንዴ ቅንጬ፣ ራሳቸው ያዙት። እኔን ሽንኩርት ላይ አስቀመጡኝ። ማማሰያውን ሊቀበላቸው የሞከረ ሁሉ ተቆጡት። ልጆቹ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሲበሉ አላየሁም። አጠገባቸው እነሱም አይሲስን ፈርተው ከሲንጃር የሸሹ፣ ሌላ እምነት ያላቸው የየዚዲ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አሮጊቷ ማንም ሳይነግራቸው ለእነሱም አወጡላቸው።

እናም አዘጋጆች፣ ጥሪውን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ምድጃ፣ ጋዝ፣ ድስት፣ ቢላና የውሃ ጀሪካን ይግባበት። የሕፃናት ወተትም እንዳይረሳ። ከመጫኑ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ ሴቶቹን ምን እንደሚያበስሉ ይጠይቅ። ስልክ አላቸው፤ ይዘውት የወጡት እሱን ብቻ ነው።

የቀድሞ የአንካዋ ነዋሪ