ከዋናው ምሽት በፊት የተሸለሙትስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ 2024ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ስለ ኤሚ፣ ያወጣችሁትን አነበብኩ። «ሾገን» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በአንድ የውድድር ዘመን 18 ሽልማት ወስዶ ክብረ ወሰን መስበሩን፣ ያውም አብዛኛው ንግግሩ በጃፓንኛ ሆኖ፣ በደንብ ጽፋችኋል። የዋና ተዋናዮቹ የሂሮዩኪ ሳናዳና የአና ሳዋይ ፎቶም ገጹን ሞልቶታል፤ ይገባቸዋል።

ግን ከ18ቱ 14ቱ የተሰጡት ዋናው ምሽት ከመድረሱ ከሳምንት በፊት ነበር። ለአልባሳቱ፣ ለኤዲቲንጉ፣ ለድምፅ ቅንብሩ። ለእነዚህ አንድ መስመር እንኳ አጣሁላቸው።

እስቲ ሐውልቷን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ክንፍ ያላት ሴት አተም ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ክንፉ ጥበብን፣ አተሙ ሳይንስን ይወክላል። «ኤሚ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከድሮ የካሜራ ቱቦ ቅጽል ስም ነው እንጂ ከተዋናይ አይደለም።

«ዘ ቤር» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም በኮሜዲ ዘርፍ 11 ሽልማት መሰብሰቡን ሳትተቹ ማለፋችሁም ገርሞኛል። እኔ እንኳ ከሳቅኩበት የተጨነቅኩበት ይበልጣል። የዘርፉን ዋና ሽልማት ሌላው ተከታታይ ኮሜዲ «ሃክስ» ሲወስድበት ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ለሚቀጥለው ዘገባችሁ ከቀይ ምንጣፉ ፎቶዎች አንዱን ቀንሱና ለልብስ ሰፊዎቹ ቦታ ስጡልን።

አንባቢያችሁ