የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም

ሄልሲንኪ፣ ነሐሴ 20 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ቡራዩ

እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ ለጤናዬ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ "አንተ የመስቀል ወፍ" ያልሽኝን ይዤዋለሁ። ግን ወፏን አለስሟ ነው ያማሻት። መስቀል ሰሞን በአደይ አበባው መሃል ጥቁርና ቢጫ ሆኖ የሚታየው ወንዱ ወፍ የትም አይሄድም። ያንን ልብስ ለመራባት ክረምቱን ይለብሰዋል፤ በጋው ሲገባ ላባው ይረግፍና እንደ ሴቷ ዥጉርጉር ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አጥራችሁ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ልብ የሚለው የለም። ገፈርሳ ግድብ ወርጄ ወፍ ልቁጠር ካልሽ መጀመሪያ የምትለዪው ይህንኑ ነው፤ የሄደው የቱ ነው፣ ልብሱን የለወጠው የቱ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ያለው የቱ ነው።

ባይኖኩላሩን ለበዓል በሚመጣ ሰው እልካለሁ። 8 በ42 ነው። 8ቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። ማሙሽ "12 ጊዜ የሚያቀርብ አይሻልም ወይ" እንደሚል አውቃለሁ፤ ባቀረበ ቁጥር የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ቦታም ይጠብባል። ሲደርስሽ እንዲህ አስተካክዪው፦ ሁለቱ ክብ አንድ ክብ ሆኖ እስኪታይሽ ድረስ ማጠፊያውን አጥብቢ ወይም አስፊ። ቀኝ ዓይንሽን ጨፍኚና በግራው ብቻ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ የመብራት እንጨት ላይ የተጻፈ ቁጥር ቢሆን ጥሩ ነው፣ በመሃለኛው መዘውር አጥሪ። ቀጥሎ ግራውን ጨፍኚ፤ መሃለኛውን ሳትነኪ በቀኝ ዓይን በኩል ያለችውን ቀለበት ብቻ አዙሪ። ሲጠራልሽ ቀለበቷ ያለችበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት፤ ልጆቹ መነካካታቸው አይቀርም። ብዙ ሰው "ራሴን አመመኝ" ብሎ የሚተወው ይህን ስለሚዘል ነው። መነጽር አድርገሽ የምታዪ ከሆነ የዓይኑን ላስቲክ ዝቅ አድርጊው። አቧራ ሲይዘው ደግሞ በነጠላ ጫፍ እንዳትጠርጊ፤ አሸዋው መስታወቱን ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። ክረምት ክረምት ሻጋታ እንዳይበላው፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምትገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሁለት ሦስት ጨምረሽ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጪው።

ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለው። መታወቂያሽን ያዢ፣ ዘበኞቹን አስቀድመሽ አነጋግሪ፣ ባይኖኩላሩንም ወደ ግድቡ ግንብ አታዙሪ። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 3 ተኩል ነው፤ ፀሐይዋን ለጀርባሽ ስጪያት፣ አለዚያ ሁሉም ዳክዬ ጥቁር ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ሩቅ ያለውን ሁሉ ያርገበግበዋል። ነጭ አትልበሺ። ወፎቹ ከብትና እረኛ ለምደዋል፤ የሚያስበረግጋቸው በቀጥታ ወደ እነሱ የሚመጣና ቆሞ ጣቱን የሚቀስር ሰው ነው። ጎን ጎኑን፣ እንደ መንገደኛ ሂጂ።

አሁን ውሃው ሞልቶ ሣሩን ስለነካ ዳር ላይ ብዙ አታገኚም። ሣሩ ላይ ግን ዝዮቹን እዪ። ሁለት ዓይነት ናቸው። ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለበት፣ እግሩ ሮዝ የሆነው በአፍሪካ በብዙ አገር አለ። ግራጫ ቡናማው፣ መንቆሩ አጭርና ጥቁር የሆነው ግን ከእኛ ደጋ በቀር የትም አይገኝም። ሲሄድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያስተኛል፤ ከሩቅ አንገት የሌለው ይመስላል። ሲነሳ ክንፉ ላይ ውሃ ሰማያዊ ታያለሽ።

መስከረምና ጥቅምት የሚያሳስቱ ወራት ናቸው። ከዚህ ከሰሜን የሚነሱት ዳክዬዎች ሲደርሱልሽ ወንዶቹ ገና በሰሜኑ በጋ የለበሱትን ሴት መሳይ ላባ አላወለቁም። ስለዚህ በቀለም አትፍረጂ፣ መንቆር እዪ። ጫፉ እንደ ማንኪያ የሰፋው፣ እኔ ባለማንኪያ የምለው፣ ቀለሙ ምንም ቢሆን በመንቆሩ አይጠፋሽም። ታኅሣሥ ላይ ወንዱ ራሱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ ቀይ ቡናማ ይሆናል። መንቆሩ ቢጫ ሆኖ መሃሉ ጥቁር የሆነው ዳክዬ ግን የእናንተው ነው፣ ክረምት ከበጋ አይጠፋም።

ጥር ላይ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲወጣ ረጃጅም እግር ያላቸው ይመጣሉ። እዚያ ውስጥ ወንዱ ከሴቷ በጣም የሚበልጥ አንድ ወፍ አለ፤ አብረው ሲለቅሙ ብዙ ሰው ሁለት ዓይነት አድርጎ ይጽፋቸዋል። መጋቢትና ሚያዝያ እንግዶቹ ይመለሳሉ።

ሽመላ የሚመስሉትን፣ እዚህ ኩርኪ የሚሏቸውን ግራጫ ረጃጅሞች ገፈርሳ ላይ አትጠብቂ። ከዚሁ ከፊንላንድ የሚነሱ አሉባቸው። እነሱ የታጨደ ማሳና ጥልቀት የሌለው ማደሪያ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ሱሉልታ ሜዳ ወይም ቢሾፍቱ ጨለለቃ ሂዱ። ሱሉልታን በሐምሌና ነሐሴ ግን ተዉት። በዚያ ረግረግ ሣር ውስጥ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ፣ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ ክንፈ ነጭ ወፍ የሚፈለፍልበት ወቅት ነው፤ በእግር ቢረግጡት እንኳ አይታይም።

አቆጣጠሩ፦ መንጋ ሲሆን አሥሩን ቁጠሪ፣ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይንሽ ለኪ፣ ያንን ልክ በመንጋው ላይ እየደረደርሽ ሂጂ። ለሚጠልቁት ይህ አይሠራም፤ ግማሹ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጥረሽ ትልቁን ቁጥር ያዢ እንጂ አትደምሪ።

ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ውሃው ከአንድ ከማይነቃነቅ ድንጋይ ስንት እርምጃ እንደራቀ ጻፊ። የውሃው ልክ ከሌለ፣ ወፍ የቀነሰው ጭቃው ስለተሸፈነ ይሁን ስላልመጣ አይታወቅም። ኢበርድ ላይ፣ የወፍ ቆጠራ በሚመዘገብበት ድረ ገጽ፣ ስትሞዪ የፈረንጁን ሰዓት አስገቢ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ብለሽ ብትተዪው ሌሊት ወፍ ስትቆጥሪ ያደርሻል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይሁን። ያላየሽውንም 0 ብለሽ ጻፊ፤ ባዶ መስመር አልፈለግሁም ማለት ነው ወይስ የለም ማለት ነው?

የጥቅምቱን ቁጥር እጠብቃለሁ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ