ለአንድ ማንኪያ ዘር ቤት እንሥራለት፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለደብረ ማርቆስ ተወላጆችና ወዳጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ ሁሉ፤ ጤና ይስጥልን።

እኛ በአንድ እድር የምንተዳደር ጎረቤታሞች ነን። ካለፉት ሁለት ክረምቶች ጀምሮ የጓሮ አትክልት ዘር በጋራ እያባዛን እናስቀምጣለን። ዘሩ ተገኝቷል፣ ሰውም ተገኝቷል፤ የሌለን ዘሩን የምናሳድርበት ቤት ነው። እጃችሁን የምንሻውም ለዚሁ ነው። የጎደለንን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ።

ከእኔ ቤት ሦስተኛው አጥር ላይ አንዲት እማሆይ ይኖሩ ነበር። ጎመናቸው ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም ነው። በጥቅምት የሌላው ሰው ጎመን አብቦ ሲያበቃ የእሳቸው ገና ቅጠል ይሰጣል። ዘሩን በቅል አድርገው ከምድጃው በላይ፣ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ያንጠለጥሉታል። ግንቦት ሲያልቅ እሳቸው ወጥ ቤት ገብቶ ቆንጠር አድርጎ ያልወሰደ ጎረቤት አልነበረም። እኔም በየዓመቱ እሄድ ነበር። ሲሰጡኝ፣ «የምትበይውን ብዪ፣ ለዘር ያልሽውን ግን አትንኪው» ይሉኛል። እሺ ብዬ እወጣለሁ፤ ጾም ሲገባ ሁሉንም ቀንጥሼ እበላዋለሁ፤ በዓመቱ ተመልሼ እለምናቸዋለሁ። እሳቸው እያሉ ዘር የሚያልቅ አይመስለንም ነበር።

እማሆይ በየካቲት ወር አረፉ። ለተዝካሩ ቤቱ ሲጠረግ ጥላሸት የለበሰው ቅል ከአሮጌ ዕቃ ጋር ወጥቶ ተጣለ። ግንቦት ሲመጣ ግራ ገባን። ከቤት ቤት ብንጠያየቅ የእማሆይ ጎመን ዘር ያለው ሰው ጠፋ። በመጨረሻ የአንዲት ጎረቤታችን የልጅ ልጅ ከምጣዱ አጠገብ ከተቀመጠች ጣሳ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምትሞላ አገኘች። እማሆይ ለማሰሻ ብለው የሰጧቸው፣ ገና ያልተቆላ ዘር ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እናቶቻችን የጎመን ዘርን ከቤት የማያጠፉት ለመዝራት ብለው ብቻ አልነበረም። ተቆልቶና ተወቅጦ ምጣድ ያሰሳል፤ ያለ እሱ እንጀራው ይይዛል። ስለዚህ ጓሮ የሌለው ቤት እንኳ የጎመን ዘር አያጣም ነበር። ዛሬ ተፈጭቶ የታሸገ ማሰሻ ከሱቅ እንገዛለን። ተፈጭቷልና አይበቅልም። በየቤቱ ሳይታወቅ የኖረው የዘር መጠባበቂያ እንዲህ ባለ ትንሽ ለውጥ ነው ከእጃችን የወጣው።

ያንን አንድ ማንኪያ ከመዝራታችን በፊት 20 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አየነው፤ 11ዱ በቀሉ። ዘሩ ደክሟል ግን አልሞተም። በሰኔ አፈላነው፤ ከችግኙ 24 እግር መርጠን በአንዲት ባለ ሰፊ ጓሮ ጎረቤታችን ግቢ ተከልን። ቅጠሉን ማንም እንዳይቀነጥስ ተስማማን። በታኅሣሥ የታችኛው ቆባ ቢጫ ሲሆን ጤዛው ሳይለቅ በማለዳ አጭደን በአቡጀዲ ላይ አሰጣነው። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ቢታጨድ ቆባው እየፈነዳ ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል። አንድ ኪሎ ግድም ዘር አገኘን። በቀጣዩ ሰኔ ለ31 ቤት አንድ አንድ ማንኪያ አበደርን፤ ብድሩ የሚመለሰው በሁለት ማንኪያ ነው። እስካሁን 19 ቤቶች መልሰዋል። የቀሩትም ጎመኑን እንደ እኔ በልተውት ይሆናል፤ እንደገና እናበድራቸዋለን።

ለምን በጋራ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀናል። አንድ ጓሮ ለብቻው ዘር ማቆየት ስለማይችል ነው። ጎመን ለዘር ሲባል ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ መደብ ይዞ ይቆያል። ዘሩ ከአንድና ከሁለት እግር ብቻ ከተወሰደ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጠበበና እየደከመ ይሄዳል፤ ከ20 እግርና ከዚያ በላይ ቢሰበሰብ ነው የሚሻለው። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ 20 እግር ጎመን ሳይነካ የሚያቆም ቤት የትኛው ነው? ያውም ለዘር መቅረት ያለበት ምርጡ ነው። ልማዳችን ተቃራኒው ነው፤ ለምለሙን እንበላለን፣ ቀድሞ ያበበውን ከሲታ እንተወዋለን፣ የሚዘራውም እሱ ይሆናል። ከዚያ «የዘንድሮ ጎመን ቶሎ ያብባል» ብለን እናማርራለን። ቶሎ የሚያብበውን ስንመርጥ የከረምነው ግን እኛው ነን።

ስለዚህ ተከፋፈልን። ጎመኑን አንድ ግቢ ይይዛል፤ ፎሶሊያውን ሌላ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሌላ። ዱባና ቃሪያ ይበልጥ ያስቸግራሉ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው ሁለቱ አይዳቀሉም፤ ዝርያቸው የተቀራረበ ሁለት ዱባዎች ግን ንብ አቋርጣ ታዳቅላቸዋለች። ልዩነቱ ዘንድሮ ፍሬው ላይ አይታይም፤ የሚታየው ዘሩ በተተከለበት ዓመት ነው። ለዘር የተፈለገው የሴት አበባ ከመከፈቱ በፊት ማታ በክር ይታሰራል፤ ጠዋት በዚያው ዱባ ወንድ አበባ በእጅ ይዳቀልና ተመልሶ ይታሰራል። ይህን የሚሠሩልን ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከእኛ ከአዋቂዎቹ የበለጠ ጠንቃቆች ናቸው። ቃሪያም ከሚጥሚጣ ጎን ከዋለ ዘሩ ላይ ማመን አይቻልም፤ በስስ መረብ መሸፈን አለበት። ቲማቲም ደግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ዝልግልጉ ዘር ከነጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ እንዲቦካ ይደረግና ታጥቦ በሳህን ላይ ጥላ ውስጥ ይደርቃል።

ከሱቅ የሚገዛውን ዘር አንጠላም። ካሮትና ቀይ ሥር ዛሬም ከሱቅ ነው የምንገዛው፤ የእነሱን ዘር ለማግኘት ሥሩ ለሁለተኛ ዙር መሬት ላይ መቆየትና ብርድ ማግኘት አለበት፤ ገና አልደረስንበትም። ድቅል ዘርም በዓመቱ ጥሩ ያፈራል፤ ከፍሬው ዘር አውጥቶ ሲተክሉት ግን እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ የሆነውን አይተነዋል። የዘር ፓኬት ወይ አይመጣም፣ ወይ ሲመጣ ዋጋው አይቀመስም፣ አንዳንዴም ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ይገኛል። በእጅ ያለ ዘር መንገድ አይጠብቅም።

ይህ አገር ዘርን የማቆየት ታላቅ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ የእጽዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚል ስም ይታወቃል። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን እስከመብላት በደረሰበት ዘመን የአገሩ ዘር እንዳይጠፋ የደከሙ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መኖር አለበት ብለው ይከራከሩ ነበር። የጓሮ ዘር ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በማዕከሉ የዘር ባንክ ትልቁን ድርሻ የያዘው የእህል ዘር ነው፤ የእማሆይ ጎመን እዚያ የለም። የሐበሻ ጎመን እኮ ጥንት የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገኖች ተዳቅለው የፈጠሩት፣ መገኛው ይህችው አገራችን እንደሆነች የሚታመን ተክል ነው። እኛ ካላቆየነው ማን ያቆየዋል?

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። በመጀመሪያው ዓመት ከሰባት ቤት የሰበሰብነውን የቃሪያ ዘር በደንብ ሳይደርቅ በጠርሙስ ዘግተን አሻገትነው። የክረምቱ እርጥበት የሚፈጀው እንዲህ ነው። ዘር ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ድርቀትና ቅዝቃዜ። ባለሙያዎች እንደ መመሪያ የሚይዙት፣ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ወይም የሚቀመጥበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ያህል እንደሚሆን ነው። ብርዱን ደብረ ማርቆስ በነፃ ሰጥታናለች፤ ድርቀቱን ነው በእጃችን ማምጣት ያለብን። ዘሩ ዛሬ በአራት ሰዎች ቤት ተበትኖ፣ አንዱ ከአልጋ ሥር፣ አንዱ ከቁም ሣጥን በላይ ተቀምጧል። አንድ ሰው ቤት ቢቀይር ወይም ቢታመም የእማሆይ ቅል ታሪክ ይደገማል።

እድሩ ከአዳራሹ ጀርባ ቦታ ሰጥቶናል። የምንሠራው አራት በአምስት ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት ነው። ጭቃን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ቶሎ ስለማያስገባ ነው። አጣናውንና ማገሩን ከአባላት አግኝተናል፤ ጭቃውንም በደቦ እናቦካለን። የጎደለን 20 ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ፣ ሚስማር፣ በደንብ የሚገጥም በርና መደርደሪያ ነው። ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ በብር አልጻፍነውም። እንደ ልማዳችን «አንድ ቆርቆሮ በእኔ» በሉን፤ በዚያ ሳምንት ዋጋ እንገዛለን።

ለማስቀመጫ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ 200 ጠርሙስ እንፈልጋለን። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ በምጣድ በደንብ ደርቆ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥረን እንጨምራለን። የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት የሚያሳይ አንድ መለኪያ፣ ለቃሪያው ስስ መረብ፣ ዶሮና ፍየል የማያስገባ የሽቦ አጥር ደግሞ አሉ።

ከሁሉም የሚከብደን ውኃ ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ያቆማል፤ ጎመኑ ዘር የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውኃ ካጣ ፍሬው ይጨማደዳል። የአዳራሹ ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር ነው። ከተማችን በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ከዚያ ጣሪያ 60 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ ዛሬ ግን ሁሉም ወደ ቦይ ይፈሳል። አሸንዳና ሁለት ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ብናገኝ በመስከረም መጨረሻ ሞልተን እንዘጋቸዋለን። የዘር መደባችን 40 ካሬ ሜትር ነው፤ ለካሬ ሜትር በቀን 4 ሊትር ብናጠጣ 160 ሊትር ነው፤ ሁለቱ ሮቶ ለ62 ቀን ይበቃሉ። እስከ ኅዳር መጨረሻ አደረሱን ማለት ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ሮቶውን ብቻ ቢችልልን ትልቁ ሸክማችን ይወርዳል።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ሒሳብ ነው። የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ከሴቶች እንድትሆን ወስነናል፤ ዘሩን ያቆዩት እነሱ ናቸውና። ለእያንዳንዱ ሰጪ ደረሰኝ ይቆረጣል። የገባውና የወጣው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል፤ በአዳራሹ በርም ይለጠፋል። እዚህ ያላችሁ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ። ሩቅ ያላችሁ በሰፈሩ ባለው ዘመዳችሁ በኩል ላኩ፤ ደረሰኙን እሱ ይቀበልላችኋል። ጭቃው ዝናብ ሳይመጣ መድረቅ ስላለበት የቤቱን ድጋፍ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ብታደርሱን ደስ ይለናል። ሮቶው እስከ ሰኔ ይቆየናል።

በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች አገሮች በጓሯችሁ የሐበሻ ጎመን የምታበቅሉ ወገኖቻችን፣ «ዘሩን ላኩልን» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ልባችን ይወዳል፤ ነገር ግን ዘርን ከአገር ማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ በፖስታ አንልክም። ከእናንተ የምንፈልገው ከገንዘብ ሌላ አንድ ነገር አለ። ለእናቶቻችሁ፣ ለአክስቶቻችሁ ደውሉና ጓሯቸው ምን እንዳለ ጠይቁ። የትኛውን ዱባ ከማን አገኙት? ፌጦው፣ ድምብላሉ፣ ጤና አዳሙ፣ ኮሰረቱ ከየት መጣ? ወጥ ቤታቸው ውስጥ የተንጠለጠለ ቅል አለ? ካለ ማንም ሳይጥለው አንድ ሰው ልከን አንድ ማንኪያ እንበደር። ስማቸው ከዘሩ ጋር በጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።

እዚሁ ከተማ ያላችሁ የማር፣ የቡና፣ የማርማላት ባዶ ጠርሙስ ካላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አዳራሹ አምጡልን። ክዳኑን አትርሱ፤ ክዳን የሌለው ጠርሙስ ብዙ ተሰብስቦልናል።