እማዬ፣ «ሰው ለማብላት ይሄን ያህል ትምህርት?» ላልሽኝ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባለፈው ስልክ ላይ «ደሞዝሽ ስንት ነው?» ስትይኝ «አይከፈለኝም» ብዬሽ ዝም አልሽ። ያ ዝምታሽ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ልትዘጊው ስትይ ደግሞ «ሰው ለማብላት ይሄን ያህል ትምህርት አለው እንዴ?» አልሽኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርሰው፣ እሱ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ «የተመዘገበ ዳይቲሺያን»፣ ማለትም ለበሽተኛ የሚሆነውን ምግብ የሚወስን የአመጋገብ ባለሙያ፣ ለመባል ትምህርቱን መጨረስ ብቻ አይበቃም። እውቅና ባለው ፕሮግራም ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በባለሙያ ቁጥጥር ሥር መሥራት አለብሽ። እኔ ይሄን የምሠራው በዩኒቨርሲቲው ኢንተርንሺፕ፣ በሥራ ላይ ልምምድ ማለት ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ኢንተርንሺፕ ደሞዝ የለውም፤ እንዲያውም የትምህርት ክፍያውን የምንከፍለው እኛ ነን። ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። በዚህ ላይ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሙያው መመዝገቢያ ፈተና ለመቀመጥ የማስተርስ ዲግሪ ግዴታ ሆኗል። «ዲግሪ ይዘሽ የለም እንዴ፣ ደግሞ ምን ማስተርስ ነው?» ላልሽኝ መልሱ ይሄ ነው። ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ ስለሆነ የቤት ኪራዬ ተከፍሏል። ብድር አልገባሁም። ስለዚህ አታስቢ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ለልምምዱ ሆስፒታል በተመደብኩ በሁለተኛ ሳምንቴ ላይ ለብዙ ቀናት ምግብ በአፉ ያልዞረ በሽተኛ መጣ። 45 ኪሎ ብቻ ነበር፣ አጥንቱ ይቆጠራል። እማዬ፣ ብታዪው ወዲያው ማብላት ነበር የምትጀምሪው። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ወረቀት አውጥቼ ሰውነቱ የሚያስፈልገውን አሰላሁና በቀን 1,500 ካሎሪ በቱቦ ይሰጠው ብዬ ጽፌ፣ ደስ ብሎኝ ለተቆጣጣሪዬ አሳየኋት። አየችውና እስክሪብቶዋን አንስታ ሰረዘችው። «ዛሬ ይሄን ሁሉ ከሰጠሽው ልትገድይው ትችያለሽ» አለችኝ። ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲራብ ሰውነቱ ስኳር ማቃጠሉን ይቀንስና የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ይቆያል። በውስጡ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ቀስ እያለ ያልቃል፤ ግን ደሙ ውስጥ ስትለኪው ደህና ሊመስልሽ ይችላል። ከዚያ ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ይነሳል። ኢንሱሊኑ ስኳሩን ወደ ሴሎች ሲያስገባ እነዚያን ማዕድናትም አብሮ ጠርጎ ያስገባቸዋል። ደሙ ባዶ ይቀራል። የልብ ምት ይዛባል፣ ለመተንፈስ የሚያግዙት ጡንቻዎች ይዝላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች ይሄንን በምርኮኞች ላይ አይተውታል። ረሃቡን ተቋቁመው የተረፉ ሰዎች፣ በልተው ታመሙ፣ አንዳንዶቹም ሞቱ። ይሄን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ ለዚያ ሰው በመጀመሪያው ቀን በኪሎ ከ10 እስከ 20 ካሎሪ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለእሱ ስታሰይው ከ450 እስከ 900 መሆኑ ነው። ምግቡ ከመጀመሩ በፊት ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጠዋል፣ ደሙ እየተለካ የጎደለው ማዕድን ይተካለታል፣ ከዚያ ምግቡ በየአንድ ሁለት ቀኑ ከፍ ይላል። ቤተሰቦቹ «ለምን አታበሉትም?» እያሉ ሲቆጡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሆነ። እናትየዋ እጄን ይዛ «ትንሽ ጨምሪለት» ስትለኝ ድምፅዋ የአንቺን ይመስል ነበር። አልጨመርኩም። ውጭ ወጥቼ ግን አለቀስኩ። በስምንተኛው ቀን ራሱ ማንኪያ ይዞ በላ።

ለማብላት ትምህርት አለው እማዬ። አለው።

ከዚያ በፊት የተመደብኩት የበሽተኞች ምግብ የሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ነበር። ይሄን ስነግርሽ ሳቅሽ፣ ግን እዚያም ብዙ ተምሬያለሁ። ዶሮ መሀሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይወጣም፣ ትኩሱ ምግብ ከ57 በታች እንዳይወርድ በየሰዓቱ እንለካለን። ከሁሉ ያስገረመኝ የመጠጡ ነገር ነው። ስትሮክ መትቶት መዋጥ ለተቸገረ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳንባው ውስጥ ሊገባበት ይችላል። ለዚህ ሲባል ምግብና መጠጥ ከ0 እስከ 7 በደረጃ ተከፍሏል፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ በታዘዘለት ልክ ውሃው ሳይቀር ይወፍራል። ትሪው ላይ የተሳሳተ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው ምን እንዳደረገ እንኳ ላያውቅ ይችላል። አንዷን ብርጭቆ ሦስቴ የማየው ለዚህ ነው።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ ደህና አድርገሽ ስሚኝ፣ ስለ አንቺ ነው። ከሁለት ወር በፊት «ለደም ማቅጠኛዬ አይሆንም ስላሉኝ ጎመን ተውኩ» ብለሽኝ ነበር። ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ «እሺ» ብዬ አለፍኩት። ባላልፈው ኖሮ ይሻል ነበር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን፣ የዚያን የደም ማቅጠኛሽን፣ ሥራ ይቀንሳል፣ እሱ እውነት ነው። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱን የመጠነልሽ በምትበዪው ልክ ነው። ጎመኑን ድንገት ስትተዪው መድኃኒቱ ሊበረታብሽና ደም ሊያፈስሽ ይችላል። ነገ ተነስተሽ ብዙ ብትበዪ ደግሞ ሊደክምና ደምሽ ሊረጋ ይችላል። የሚፈለገው ሳምንት ከሳምንት ተቀራራቢ መጠን መብላት ነው። ስለዚህ በራስሽ አትጀምሪው። መጀመሪያ ለሐኪምሽ «ጎመን ትቼ ነበር» ብለሽ ንገሪው፣ ደምሽን ይለካሽ። ድድሽ ከደማ፣ ወይ ሳትመቺ ሰውነትሽ ከበለዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ሂጂ።

ለእኔ የቀረኝ 210 ሰዓት ነው። ከዚያ ፈተናው። ቢያንስ 125፣ ቢበዛ 145 ጥያቄ አለው፣ ከ50 ነጥብ 25 ያመጣ ያልፋል። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ጸልዪልኝ።

እሁድ ማታ እደውላለሁ። የመድኃኒቶችሽን ዕቃ በሙሉ አጠገብሽ አድርጊና ጠብቂኝ፣ አንድ በአንድ አብረን እናየዋለን። የዚያን ቀን አልቸኩልም።

ልጅሽ