ታሪፍ ሲጨምር የመቆራረጡም ቁጥር ይውጣ

ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። 5,150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቦንድ የገዛውም ከደመወዙ ያዋጣውም የእኔ ነው ይላል። እውነቱንም ነው። ታዲያ ኃይሉ ካለ መብራት ለምን ይጠፋል? ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም፤ በግልጽ ሊመለስለትም ይገባል።

ግድቡ ላይ የመነጨው ኃይል እኛ ጋ የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በ15 ኪሎቮልት መስመርና ሰፈር ውስጥ በቆመው ትራንስፎርመር በኩል ነው። ችግሩ የሚበዛው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ድሮ ለጥቂት ቤቶች የተተከለ ትራንስፎርመር ዛሬ ፎቁንም ዳቦ ቤቱንም ተሸክሟል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በዓል ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጋግራል፤ ያኔ መብራቱ ይፈዛል፣ ቀጥሎም ድርግም ይላል።

ወፍጮ ቤት ገብታችሁ እዩ። ሞተሩ የሚሠራው በሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ነው። አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ ሞተሩ ያጓራል፣ ይግላል፤ ባለቤቱ ሮጦ ካላጠፋው ይቃጠላል። ጤፍ ያመጡ እናቶች እህላቸውን እዚያው አስቀምጠው ይመለሳሉ። ማስጠገኛውን የሚከፍለው ባለ ወፍጮው ነው።

በዚህ ላይ ገበያው ተቀይሯል። ለጅቡቲና ለሱዳን ስንሸጥ ቆይተን፣ ከኅዳር 2015 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ በሚነሳው 500 ኪሎቮልት መስመር ለኬንያም እንሸጣለን። ዳታ ማይኒንግ የሚሠሩ፣ ማለትም ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር የሚያመነጩ ድርጅቶች ሌት ተቀን ኃይል ይጠቀማሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት በ2016 ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናው በየግቢው ቻርጅ ይደረጋል። ሽያጩን አልቃወምም፤ የውጭ ምንዛሪው ያስፈልገናል። ግን ኃይል ሲያጥር መጀመሪያ ማን ይቋረጥ የሚለው በውል መጻፍ አለበት። ቴክሳስ ውስጥ የቢትኮይን ማይኒንግ ድርጅቶች ፍላጎት ሲያይል ማሽናቸውን ያጠፋሉ። እኛም ጋ ከሆስፒታልና ከወፍጮ በፊት የእነዚህ ድርጅቶች ኃይል ይቋረጥ። ይህ እርምጃ የተቃጠለ የሰፈር ትራንስፎርመር እንደማይጠግን አውቃለሁ። ለዚያ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡንም እየከፈልን ነው።

ዋናው ጥያቄዬም እዚህ ላይ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። ጥገናና አዲስ መስመር በነጻ አይመጣምና ጭማሪው ምክንያት አለው። ነገር ግን በየሩብ ዓመቱ ጨምሮ የሚከፍል ደንበኛ፣ በዚያው ሩብ ዓመት መስመሩ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠና ለስንት ሰዓት እንደጠፋ ሊነገረው ይገባል። የአገር አቀፍ አማካይ አይበቃም፤ ቦሌና አንድ የወረዳ ከተማ በአንድ ቁጥር ሲጨፈለቁ የወረዳው ሰው ይዋጣል። ቁጥሩ በየመስመሩ ይውጣ። አስቀድሞ የተነገረው የጥገና መቋረጥና ድንገተኛው ይለይ። መቋረጡ ከተቀመጠው ልክ ያለፈበት መስመር ላይ ያሉ ደንበኞች፣ መስመራቸው እስኪስተካከል ቀጣዩ ጭማሪ ይቆይላቸው። የአገልግሎት ጥራትን መቆጣጠር የእናንተ ሥራ ስለሆነ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

ስልክና ኢንተርኔት የሌለውም ደንበኛ እንዲያየው፣ ቁጥሩ በየአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቢጀመር ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመብራት ደንበኛ