ስለ ጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ፦ ማጥፊያው ይቆየን፣ ቀለቡ ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
እንደምን ሰነበታችሁ?

በቤት ውስጥ ስለሚያዝ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ ገንዳው አረንጓዴ ሲለብስ የአልጌ ማጥፊያ ጨምሮ ጥቂት ቀን መጠበቅ እንደሚበቃ ተመክሯል። ምክሩ ለባሕር ጠረፍ ነዋሪም አይበጅም፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዓሣ ይፈጃል።

ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል። በውሃ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ግን ከ5 ብዙም አያልፍም። አልጌው ባንድ ጊዜ ሲሞት ባክቴሪያ ያበሰብሰዋል፣ ለዚህም የሚጠቀመው ያንኑ ዓሦቹ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ነው። በነጋታው ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ማጥፊያዎች ደግሞ መዳብ አለባቸው። መዳብ ቀንድ አውጣና ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ይገድላል፤ የገንዳው ድንጋይ ውስጥ ከገባም ቶሎ አይወጣም።

ይልቅ አልጌው (በትምህርት ቤት ዋቅላሚ የምንለው) ምን እየበላ እንዳደገ እንይ። ከብርሃን ሌላ የሚፈልገው ናይትሬትና ፎስፌት ነው፤ ሁለቱንም በገዛ እጃችን እንጨምርለታለን። የደረቀ የዓሣ ምግብ ከመቶ አንድ እጁ ያህል ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ 1 ግራም ምግብ 10 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለው፤ ወደ ፎስፌት ሲመነዘር 30 ሚሊግራም ይሆናል። 200 ሊትር ውሃ ላይ ሲካፈል በሊትር 0.15 ሚሊግራም ነው። ኮራል ላለበት ገንዳ የሚመከረው ግን ከ0.03 እስከ 0.1 ብቻ! ከዚህ ውስጥ ዓሣውና ባክቴሪያው ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የቀረው የአልጌው ነው። እንግዲህ ጠዋት አባት፣ ማታ ልጅ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንግዳው ቁንጥር ቁንጥር ሲበትን አስቡት። ባንድ ጊዜ የሚሰጠው ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ለቅመው የሚጨርሱት ይሁን። በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ በወንፊት ቀልጦ ውሃው ይደፋ።

ሁለተኛው ምንጭ የቧንቧ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ትጠጣለች። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውሃ ሲሊካ (አሸዋና ብርጭቆ የሚሠሩበት ማዕድን) ይዞ ይመጣል፤ አዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋውን የሚያለብሰው ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ቅርፊቱን የሚሠራው በሲሊካ ነው። ናይትሬትም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ በሊትር እስከ 50 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ ለኮራል ግን ከ10 በላይ ብዙ ነው። ነገሩን የሚያከፋው ትነቱ ነው። በቀን 2 ሊትር የሚተንበት ገንዳ በወር 60 ሊትር መተኪያ ይፈልጋል። ውሃው ይተናል፣ ያመጣው ነገር ሁሉ ግን እዚያው ይቀራል። 20 ሚሊግራም ናይትሬት ባለው ውሃ ከተካነው፣ 200 ሊትሩ ላይ በየወሩ 6 ሚሊግራም በሊትር ይጨመራል ማለት ነው። ማፍላት አይረዳም፣ እንዲያውም ያጠናክረዋል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለው። የሚያዋጣው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያጣራ መሣሪያ) እና ከሱ ቀጥሎ ባለው ሬዚን (የቀረውን ማዕድን የሚይዝ ጥራጥሬ) ያለፈ ውሃ ነው። በውሃው የሟሟውን ማዕድን የሚያሳየው መለኪያ ከዜሮ ወደ 1 ሲል ሬዚኑን ወዲያው መለወጥ ነው፤ ሬዚኑ ሲያልቅ ቀድሞ የሚያመልጠው ሲሊካ ነውና፣ ያንን መለኪያው አያሳይም።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልበል። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ የተመጠነለት የአኳሪየም ጨው ነው የሚያስፈልገው፤ በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም፣ ጨው ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ጨው ሳይሆን።

«ለካሁት፣ ፎስፌቱ ዜሮ ነው፣ አልጌው ግን ሞልቷል» የሚሉ አሉ። ዜሮ ያሳየው አልጌው ስለበላው ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ውሃ ተቀይሮ ተቀይሮ ፎስፌቱ አልወርድ ይላል። ገንዳው ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ለወራት ያጠራቀመውን ፎስፌት ውሃው ሲጠራ መልሶ ስለሚለቅ ነው። ለዚህ ፎስፌት የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ በከረጢት ይደረጋል፤ መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሹ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተለክቶ ይጨመራል። በውሃ ቅየራ ብቻ ናይትሬት ማውረድም ትዕግሥት ይጠይቃል። በየሳምንቱ 10 ከመቶ ቢቀየር፣ ሌላ ምንም ባይጨመር እንኳ፣ 40 የነበረው ከአራት ሳምንት በኋላ 26 ነው።

ዜሮ ላይ ማድረስም ጥሩ አይደለም። ያኔ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ይመጣል፤ ንፍጥ የመሰለ፣ በአየር አረፋ የተንጠለጠለ ቡናማ ክር ነው፤ ሲመሽ ይሳሳል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ከተጠራጠራችሁ ጥቂት በብርጭቆ ቀድታችሁ አጥብቃችሁ ናጡት፣ በወረቀት ፎጣ አጥልሉት፣ የጠለለውን ውሃ መብራት ሥር አኑሩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰብስቦ ክር ከሠራ እሱ ነው። መፍትሔው ናይትሬትን ወደ 5፣ ፎስፌትን ወደ 0.05 ከፍ ማድረግ ነው። ሌሊት ወደ ውሃው ለሚወጣው ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት ይረዳል። ቀይ ሆኖ እንደ ወተት ስልባቦት በቁራጭ የሚገፈፈው ግን አልጌም አይደለም፣ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ጥግ ይወዳል። አንቲባዮቲክ ከማፍሰስ በፊት የፓምፑን አቅጣጫ መለወጥ ይሻላል።

ፀጉር የመሰለው አረንጓዴ አልጌ በእጅ ነው የሚወጣው። ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የጥርስ ብሩሽ ይታሰርና፣ እየፈተጋችሁ ፍርፋሪው በቱቦው ወደ ባልዲ ይሂድ። ሳይመጠጥ ከተፈተገ እያንዳንዷ ቁራጭ ሌላ ቦታ ትበቅላለች። የማይለቀውን ድንጋዩን አውጥቶ የፋርማሲ 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጠብታ ማንጠብጠብ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ በጨው ውሃ አለቅልቆ መመለስ ነው። በሳምንት ከገንዳው ሲሶ አይለፍ፤ ምክንያቱ ያው ኦክስጅኑ ነው። ቀንድ አውጣ የሚሰማራው ከዚህ በኋላ ነው፤ አጭሩን እንጂ ረጅሙን አይግጥም። ለ200 ሊትር አሥር ይበቃሉ፣ ከዚያ ካለፈ የሚበሉት ያጣሉ። ትሮከስ የሚባለው ቀንድ አውጣ ሲገለበጥ ራሱ ይነሣል፤ አስትሪያ የሚባለው ግን ካላነሡት በጀርባው ተኝቶ ይሞታል።

መብራት በቀን 8 ሰዓት ይበቃል። ቦታ ያለው ሰው ከገንዳው ሥር ትንሽ ክፍል አበጅቶ ኬቶሞርፋ ቢያበቅል ጥሩ ነው፤ እንደ ድስት መፈተጊያ ሽቦ የተጠቀለለ አልጌ ሲሆን ፎስፌቱንና ናይትሬቱን ከሌላው ይቀማል። የሱ መብራት ማታ ይብራ፤ ዋናው ገንዳ ኦክስጅን በሚያጣበት ሰዓት ያመነጫልና። አረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመርም ቆሻሻ ከማውጣቱ እኩል አየር ያስገባል። በዚህ ከፍታ ሌሊት አይጠፋም።

መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገንዳው አጠገብ ይቀመጥ፤ መብራት በጠፋ ቀን አልጌ አይፈተግም፣ ምግብም አይሰጥም።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ